የወግ ግብዣን ለማስቀረት ወደ አማን

አማንን ለማየት ዕድሉም ሐሳቡም ለሌላችሁ የኮምቦልቻ ወገኖቼ ይህን እጽፋለሁ። ስለ ሮማውያን ቴአትርና ከበላዩ ስላለው ምሽግ የምትጠብቁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሁለቱንም ከተሽከርካሪ መስኮት በቀር አላየኋቸውም። የሄድሁት ለቁም ነገር ነው።

ጉዳዬን አስቀድሜ ላስረዳ። በአገራችን ምሳ የሚበላ ሰው አላፊ አግዳሚውን «እንብላ» ይላል፤ አላፊውም «ብሉ፥ ጠግቤአለሁ» ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ግን አንድ ጎረቤታችን «እንብላ» ሲለኝ እጄን ታጥቤ ተቀመጥሁ። ሰውዬው የተመለከተኝ በሌባ የተከበበ ሰው እንደሚመለከት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሥርዓት በሕዝቦች መካከል ያስከተለውን መጠራጠር ሳሰላስል ቆይቼ፥ በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ «ከልብ» የተባለ የስልክ መተግበሪያ ሠራሁ። ጋባዡ በአፉ ከጋበዘ በኋላ በስልኩ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይነካል፤ አረንጓዴው «ከልቤ ነው»፥ ቀዩ «ለወጉ ነው» ማለት ነው። ተጋባዡ በስልኩ መብራቱን አይቶ ይቀመጣል ወይም ያልፋል። ማንም አያፍርም፤ እውነቱን በአፉ የተናገረ የለምና።

በአማን የጀማሪ ኩባንያ አመሠራረት የሚያስተምር አንድ ተቋም ከየአገሩ ካሰባሰባቸው ተማሪዎች ጋር ለአንድ ሳምንት ጠራኝ። በሳምንቱ መጨረሻ አንዱ ተመርጦ ለስድስት ወር ቢሮና አማካሪ ያገኛል። አባቴ ወፍጮ ቤት አለው። ስሰናበተው የተናገረው አጭር ነበር፦ «ስድስት ወሩን ካገኘህ ኩባንያህን አቁም። ካላገኘህ ወፍጮውን ትረከባለህ፤ የኔ ጆሮ ደክሟል።»

ወፍጮን አልንቅም። ነገር ግን የሰው ልጅን ከይሉኝታ ነጻ ለማውጣት የተነሣ ሰው በርበሬ ሲፈጭ መታየቱ ለሐሳቡ ክብር እንደማይስማማ ይሰማኝ ነበር።

ቅዳሜ

ከአዲስ አበባ ተነሥቼ፥ በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ አውሮፕላን ቀይሬ፥ ከሰዓት በኋላ አማን ደረስሁ። ደሴን በነጭ ድንጋይ ለብጠው ቁልቁለቷን ሁሉ ቢያበዙት አማንን ትመስላለች። ልዩነቱ ዝናቡ ነው፤ በደሴ ውኃ ከሰማይ ሳይጠሩት ይመጣል፥ በአማን ግን እያንዳንዱ ቤት በጣሪያው ላይ በርሜል ተሸክሞ ይጠብቀዋል።

ዐረብኛ የተማርሁት በመድረሳ ስለሆነ ለታክሲ ነጂው መድረሻዬን የነገርሁት በመጻሕፍት ቋንቋ ነበር። ነጂው መሪውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያም ሬዲዮውን ዘጋ፥ ሲጋራውንም አጠፋ። ኋላ እንደ ተረዳሁት የጁምዓ ስብከት፥ ኹጥባ የሚሉትን፥ የጀመርሁ መስሎት ነው።

አክስቴ ዘሃራ የምትኖረው ማርካ በሚባለው የአማን ሰፈር ነው፤ በየቤቱ እየዞረች በሰዓት የምታጸዳ፥ በራሷ ቤት የምታድር ሴት ናት። ከደጃፏ ስንደርስ ሂሳብ ልክፈል ብል ነጂው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኻሊሃ ዐለይና» አለኝ፤ ተወው፥ በእኔ ይሁን ማለቱ ነው። ያነበብኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ስለ ዐረብ ቸርነት ይመሰክራሉ። ስለዚህ ቆሜ ለርሱም፥ ለወላጆቹም፥ ለተሽከርካሪውም ረጅም ዱዓ አደረግሁለትና ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ። ሰውዬው «አሚን» እያለ ተከተለኝ። ደረጃውን ሁሉ ተከተለኝ።

አክስቴ በሩን ከፍታ ሁለታችንንም ስታይ ወዲያው ገባት። «አንተ ልጅ! ኻሊሃ አለህና ዝም ብለህ መጣህ?»

«በእኔ ይሁን ነው ያለኝ፥ አክስትዬ።»

«ለወጉ ነዋ! ሁሉም ይላል! የልብስ ሱቁም ይላል፥ ጋዝ አምጪውም ይላል! ዋላሂ፥ ይሄን የሚያጠፋ አፕ ሠርቷል የተባልከው አንተ ነህ?»

ነጂው ሂሳቡን ከአክስቴ ተቀብሎ፥ ጉንጬን ስሞ ሄደ። አክስቴም ብቸኛ ክፍሏን፥ ሶባ ከሚሉት የጋዝ ማሞቂያዋ ጋር፥ ለእኔ ለቅቃ ከላይ ፎቅ ከጓደኛዋ ዘንድ ለማደር ወጣች። «ከልብሽ ነው?» ብዬ ብጠይቃት በትራስ መታችኝ።

እሑድ

ሥልጠናው የሚሰጠው ስዌይለህ በሚባል ሰፈር፥ ከአንድ የመብራት ዕቃ መደብር በላይ ነው። አሠልጣኛችን ራና የምትባል፥ ፈጥና የምትናገር የአማን ልጅ ናት። የመጀመሪያ ትምህርቷን እንደ ወረደ አቀርበዋለሁ፦ «ምርታችሁን አትውደዱ። ደንበኛውን ጠይቁ፤ አትሽጡለት። ኀሙስ ወደ መድረክ የሚወጣ አንድ እውነተኛ ደንበኛ ያለው ብቻ ነው። የአክስት እሺ እሺ አይደለም።»

ስለ መተግበሪያዬ ነገርኋት። «ቀዩን ማን ይነካል?» አለች።

«ሐቀኛ ሰው።»

«አብዱ፥ ሐቀኛ ሰው መጀመሪያውኑ ለወጉ አይጋብዝም።»

ይህን ተቃውሞ በጥልቀት ለመመርመር ቃል ገባሁላት፤ ነገር ግን ቡናው ከለከለኝ። በተቋሙ አቡ ዘኪ የተባሉ አዛውንት መራራ ቡና በትንሽ ሲኒ እያዞሩ ይቀዳሉ። ጠጥቼ ስመልስ ይቀዱልኛል፤ በእኛ ዘንድ የተቀዳን መመለስ ነውር ስለሆነ እጠጣለሁ፤ ይቀዱልኛል። እርሳቸው በትዕግሥቴ ተደነቁ፥ እኔ በትዕግሥታቸው። ልቤ እንደ አባቴ ሞተር መምታት ሲጀምር ከጎኔ የነበረ ተማሪ ሲኒዬን ነጥቆ በጣቱ አነቃነቀውና መለሰላቸው። አዛውንቱ ወዲያው አለፉኝ። ለካ ሲኒን ማነቃነቅ «በቃኝ» ማለት ኖሯል። አንድ ሕዝብ እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት ካለው የእኔን መተግበሪያ ለመቀበል ሩቅ አይደለም ብዬ ተጽናናሁ። ያን ዕለት ግን እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

ሰኞ

ደንበኛ ፍለጋ በስዌይለህ መደብሮች ዞርሁ። ጣፋጭ ሻጩ ሐሳቤን ሰምቶ «እጅግ ድንቅ ነው!» አለና ትኩስ ኩናፋ አጎረሰኝ። የቅመም ነጋዴው «እንዲህ ያለ ነገር ስንጠብቅ ነው የኖርነው!» ብሎ አንድ ከረጢት ዘዕተር አሸከመኝ። ፀጉር አስተካካዩ ሐሳቤን ያዳመጠው ወንበር ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ሲያዳምጥ መቀሱ አልቆመም። መተግበሪያውን በስልኩ ልጫንለት ስለው ግን እርሱም እንደ ሌሎቹ «ኢንሻአላህ፥ ነገ» አለኝ።

ወደ ማርካ ስመለስ የአክስቴ ጓደኞች ተሰብስበው ጠበቁኝ። ሁሉም በሰዓት የሚሠሩ፥ ከሥራ የተመለሱ ሴቶች ናቸው። ገለጻዬን በሙሉ በጸጥታ ሰሙ።

«ማሻአላህ! አላህ ያሳካልህ!» አለች አንዷ።

«እንዲህ ያለ ነገር ለኛ ነው የሚያስፈልገን፥ ዋላሂ» አለች ሌላዋ።

«እውነት ነው» አለች ሦስተኛዋ። ከዚያም ወደ አክስቴ ጠጋ ብላ «ምንድን ነው ግን?» አለቻት።

ራና በማግስቱ ጠዋት የተስተካከለውን ጠጉሬንና የዘዕተሩን ከረጢት ተመለከተች። «ስንት ሰው እምቢ አለህ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንንም አላነጋገርህም።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ከሳምንቱ ትምህርት ሁሉ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ነው። በይሉኝታ ላይ ለዘመተ ሰው ጠላቱ ሰይፍ አይመዝበትም፤ ኩናፋ ያጎርሰዋል።

ማክሰኞ

አክስቴ በሽሜሳኒ ሰፈር ቤታቸውን የምታጸዳላቸው ሐጂ አቡ ኻሊድ የተባሉ ሽማግሌ የእህቷ ልጅ መምጣቱን ሰምተው ለምሳ ጠሩኝ። «እሳቸው ካሉ ከልባቸው ነው» አለች አክስቴ። «ጃሃ የሚመሩ ሰው ናቸው።» ጃሃ ማለት ሴት ልጅ ለመጠየቅ ወይም ጠብ ለማብረድ የሚሄድ የሽማግሌዎች ቡድን ነው፤ የእኛን የሽምግልና ልዑካን አስቡ፥ ከዚያ ጥቁር ካባና ብዙ መኪና ጨምሩበት።

ምሳው መንሰፍ ነበር፦ በሩዝ ላይ የተቆለለ የበግ ሥጋ፥ ከደረቀ እርጎ የተሠራ መረቅ የፈሰሰበት። ከአንድ ትሪ በቀኝ እጅ መብላታቸው እንደ እኛ ነው፤ ነገር ግን ሩዙን በመዳፍ እንደ እንቁላል አድበልብሎ በአውራ ጣት ወደ አፍ መወርወር የሚባል ጥበብ አለ። የእኔ እንቁላሎች ሁሉ በመንገድ ላይ ፈረሱ። ሐጂው እየሳቁ የሥጋውን መልካም መልካም እየለዩ ወደ ፊቴ ይገፉልኝ ነበር። ወንዶች ልጆቻቸው ሁለቱም ትከሻ ሰፊ፥ ንግግር ቁጥብ ናቸው።

ከምሳ በኋላ መራራው ቡና መጣ። ማነቃነቅን ተምሬአለሁ፤ ለማነቃነቅ ግን በመጀመሪያ መጠጣት ያስፈልጋል፥ ልቤም ከእሑዱ ገና አላገገመም። እንዲሁ መመለሱም ነውር ሆነብኝ። ስለዚህ ብልሃት ያለው መስሎኝ ሲኒውን ተቀብዬ ከፊቴ ካለው ጠረጴዛ ላይ በቀስታ አስቀመጥሁት፤ ይቀዘቅዛል፥ ይረሳል ብዬ።

ሐጂው ይናገሩ የነበረውን አቋረጡ። ሁለቱ ልጆች እግራቸውን ሰብስበው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ።

«ልጄ» አሉ ሐጂው በሌላ ድምፅ፥ «ሴቶች ልጆቼን ሁሉ ድሬአለሁ።»

«አላህ ይባርክላቸው» አልሁ።

አክስቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ በአማርኛ ጮኸች። «አብዱ! ምን አደረግህ? ሲኒ ካስቀመጥህ ጉዳይ አለኝ ማለትህ ነው! እሺ እስኪሉህ አትጠጣም! ሚስት ሲጠይቁ ነው እንዲህ የሚያደርጉት!»

«ታዲያ ልጠጣው?»

«አሁን ከጠጣህማ ልታሾፍ ነው የመጣኸው! ጠይቅ! የሆነ ነገር ጠይቅ!»

ሁሉም ይመለከቱኛል። በሕይወቴ ከሌላ ሰው የሚያስፈልገኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱንም በመድረሳ ዐረብኛዬ ተናገርሁ። «የተከበሩ ሐጂ ሆይ፥ የመጀመሪያ ደንበኛዬ ይሆኑልኝ ዘንድ እለምናለሁ።» ከዚያም ስለ አረንጓዴውና ስለ ቀዩ ማብራራት ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«ቡናህን ጠጣ። ጉዳይህ አልቋል።»

ጠጣሁ። ልጆቹ ተነሥተው ተራ በተራ ሳሙኝ። ሐጂው ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ ቁልፍ የሚጫኑት ዓይነት፥ ከመደወል በቀር ምንም የማያውቅ ስልክ ነበር። «በዚህ ላይ አድርግልኝ» አሉኝ። ታላቁ ልጅ ያን ዕለት አዲስ ስልክ ሊገዛላቸው ወጣ።

ረቡዕ

ራናን በደስታ ሳስረዳት ግንባሯን በእጇ ያዘች።

«ያስቀመጥኸውን ሲኒ አይተው ነው እሺ ያሉት?»

«አዎን።»

«ምን እንደሆነ ሳይሰሙ?»

«ሳይሰሙ።»

«አብዱ፥ እሳቸው የሰጡህ ክብራቸውን ነው። ክብር ደንበኛ አይደለም። ኩላሊት ብትጠይቃቸውም እሺ ይሉህ ነበር። መድረክ ላይ አትወጣም።»

ክርክር አላነሣሁም፤ የተናገረችው የራሴን መተግበሪያ ዓላማ ነበርና። ወደ ማርካ ተመልሼ ለአክስቴ ነገርኋት። ሐጂውን ከቃላቸው ነጻ ማድረግ ግዴታዬ ስለሆነ እንድትደውልላቸው ለመንኋት። ደወለች። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ከመንገዱ የአውቶቡስ ጥሩምባ በላይ ይሰማ ነበር።

«ምን አሉ?»

«የኔን ቃል አይሆንም ያለው ማነው፥ ቤቱስ የት ነው አሉ።» አክስቴ ስልኩን አስቀመጠች። «አድራሻውን ሰጠኋቸው። ምን ላርግ? ያ ወፍጮ እየጠበቀህ ነው።»

ኀሙስ

ፍጻሜው በሽሜሳኒ ሆቴል አዳራሽ፥ በዳኞች ፊት ነበር። እኔ ከተመልካቾች ጋር ተቀመጥሁ። መድረክ ከወጡት የመጨረሻው ተማሪ ስለ ግመል ወተት መከታተያ ሲናገር በሩ ተከፈተና ሐጂ አቡ ኻሊድ ጥቁር ካባ ደርበው ገቡ። ከኋላቸው ልጆቻቸው፥ አማቾቻቸው፥ ጎረቤቶቻቸው፤ ከሁሉም ኋላ የበዓል ልብሷን የለበሰች አክስቴ። የፊተኛው ረድፍ ያለ ቃል ተለቀቀላቸው። የሆቴሉ አስተናጋጆች የሹም ጉብኝት መስሏቸው ቡና ይዘው ሮጡ።

ሐጂው ሲኒውን ተቀበሉ፤ በዳኞቹም ፊት፥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

በአዳራሹ ያሉ ዮርዳኖሳውያን ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ። የሌላ አገር ተማሪዎች ቡናው የተበላሸ መስሏቸው የየራሳቸውን አሸተቱ።

ሐጂው ተነሡ። ፈጣሪን አመሰገኑ፥ የዳኞቹን ቤተ ሰብ አወደሱ፥ ከዚያም ወደ እኔ አመለከቱ። «ልጃችን አብዱ ከኮምቦልቻ፥ ከታወቁ የወፍጮ ባለቤቶች ወገን ነው። አባቱ እህል አጉድሎ አያውቅም። ስድስቱን ወር ለልጃችን ትሰጡን ዘንድ ከከበረው ቤታችሁ ደጅ ቆመናል።»

የዳኞቹ ሰብሳቢ፥ ረጅምና መነጽር ያደረጉ የአማን ሰው፥ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። ከጎናቸው የተቀመጡት ዳኞች ወረቀታቸውን ማንበብ ጀመሩ። ሰብሳቢው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ቡናችሁን ጠጡ» አሉ። «ጉዳያችሁ አልቋል።»

ሐጂው ጠጡ። አክስቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ሰዎች እያቀፉ ወደ መድረክ አወጡኝ፤ የድምፅና የምስል ባለሙያውም ስልኬን ተቀብሎ መተግበሪያዬን ላሳይበት ከአዳራሹ ትልቅ ማሳያ ጋር አገናኘው። ወፍጮው በዚያች ደቂቃ ለሌላ ሰው ሆኖ ነበር። የሚቀረኝ «አመሰግናለሁ» ማለት ብቻ ነው።

ከዚያ ራናን አየኋት። እያጨበጨበች አልነበረም። አልተቆጣችም፥ ትጠብቅ ነበር።

«ክቡራን ሆይ» አልሁ፥ «የተሰጠኝ እሺ ከልብ ይሁን ለወግ ማወቅ ሙያዬ ነው። ክቡር ሰብሳቢ፥ እባክዎን ይንኩልኝ።» መተግበሪያውን በስልካቸው ጫንሁላቸው።

ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። «ማን ያየዋል?»

«እኔ ብቻ» አልኋቸው። እውነት መስሎኝ ነበር፤ ስልኬ ከማሳያው ጋር መያያዙን ፈጽሞ ዘንግቼዋለሁ።

ነኩ። የአዳራሹ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ቀላ። የሐጂው ነጭ ሻሽ ቀላ፥ የዳኞቹም ፊት ቀላ፤ ይህ የኋለኛው ግን ከመብራቱ አልነበረም።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አሉ ሐጂው።

አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሐጂ፥ ለወጉ ነው ማለት ነው።»

«ቡናው ተጠጥቷል!» አለ ታላቁ ልጅ ተነሥቶ። «ከተጠጣ በኋላ አይመለስም!» «ግድግዳው ግን ቀይ ነው!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ አዳራሹም ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ጀመር። ሐጂው ብቻ ግድግዳውን ይመለከቱ ነበር። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ወደ እርሳቸው ስሄድ እየሳቁ ኖሯል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጃሃ ስመራ ኖሬአለሁ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ልጆቻቸውን ሲሰጡን ስንቶቹ ቀይ ነክተው ይሆን?»

እኔም ስድስቱን ወር በይፋ መለስሁ። ለግመል ወተቱ ልጅ ተሰጠ፤ የተገባውም ነበር። ስወጣ ሰብሳቢው በሩ ላይ ደረሱብኝና ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ይህን አፕ ከስልኬ እንዳታጠፋው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የባለቤቴ ወንድሞች በየዓርቡ ይመጣሉ። ለነርሱ እኔው ራሴ እጭንላቸዋለሁ።»

ራና ከኋላ ቆማ ሰምታለች። «አሁን ደንበኛ አለህ» አለችኝ።

«ውድድሩስ?»

«ውድድሩማ አለቀ፥ አብዱ።»

ዓርብ

አክስቴ የወይራ ዘይት፥ የወይራ ፍሬ፥ ለአባቴ ሙቅ ካልሲ አስያዘችኝ፤ ሶባውን ደግሞ ካልወሰድህ ብላ ከአየር መንገዱ ሠራተኛ ጋር ተከራከረች። ሐጂው አልመጡም፤ ልጃቸው ግን በመኪናው አደረሰኝ፥ በመንገዱም አዲሱ ስልክ ላይ አባቱ ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ አረንጓዴ እየነኩ እንዳስቸገሩት ነገረኝ። ጎረቤቶቹ መተግበሪያው ስለሌላቸው ማንም አያየውም። ሐጂው ግን መንካታቸውን አልተዉም፤ ቃል ገብተዋልና።

ይህን የምጽፈው ከወፍጮ ቤቱ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። አባቴ ቤት ተቀምጦ ጆሮውን ያሳርፋል። መተግበሪያው ለሠሪው ለእኔ የሚያሳየኝ ከተጋባዥ ስልክ የደረሰውን ቀለምና የነካውን ስልክ ብቻ ነው፤ ማን እንደ ተጋበዘ አያሳይም። ከተመለስሁ ወዲህ በየዓርቡ ከአማን፥ ከሰብሳቢው ስልክ ቀይ ይበራል። ቀይ፥ ደግሞ ቀይ፥ ደግሞም ቀይ። ባለፈው ዓርብ ግን፥ ሞተሩ ጤፍ እየፈጨ በሙሉ ኃይሉ ሲሽከረከር፥ ስልኬ ላይ ከዚያው ከሰብሳቢው አረንጓዴ በራ።

ወፍጮውን አቆምሁት። ከተማው ሁሉ ጸጥ ያለ መሰለኝ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ቁናቸውን ይዘው ወደ በሩ ተጠጉ።

«ምን ሆነ ልጄ? ተበላሸ?» አሉ አንዲት እናት።

«አልተበላሸም፥ እማማ። አማን ውስጥ አንድ ሰው ከልቡ ጋበዘ።»

ሴትዮዋ ቁናቸውን ወደ ፊት ገፉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲያ የኔን ቶሎ ፍጭልኝ፤ እኔም እንግዳ ጠርቻለሁ።»